ሥራ ለቅቆ ያለውን ሁሉ ንግድ ውስጥ ማስገባት፦ ትልቅ ሪስክ ትልቅ ትርፍ ያመጣል?

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 16,000 ብር ነው። እስካሁን 480,000 ብር ቆጥቤያለሁ። ሸዋ ሮቢት ያለው የአክስቴ ልጅ ሽንኩርትና ማሾ ይነግዳል። ‘ሥራህን ተውና ገንዘብህን ይዘህ ና፣ በዓመት እጥፍ እናደርገዋለን’ ይለኛል። የእናቴን ቤት አስይዘን ሌላ 500,000 ብር ብንበደር ደግሞ ይበልጥ እንደሚያዋጣ ይነግረኛል። በቅርቡ አንድ የውጭ አገር የኢንቨስትመንት ፈንድ አስተዳዳሪ ከሥራ ዘመኑ የተማረውን ሲናገር ‘ትልቅ ሪስክ የማይወስድ ትልቅ ቦታ አይደርስም’ ሲል ሰማሁ። ባንክ ያለው ገንዘቤ ደግሞ ዋጋው እየቀለጠ ነው። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦

ሥራዎን አይልቀቁ፤ የእናትዎን ቤትም አያስይዙ። ንግዱ ውስጥ ግን መግባት ይችላሉ፤ የሚያስገቡት ከ120,000 ብር አይብለጥ። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ከታች አስረዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰማሁት ያሉት አባባል መስተካከል አለበት።

«ትልቅ ሪስክ፣ ትልቅ ትርፍ» የሚለው ነገር በብዙ ሰው ዘንድ ተገልብጦ ነው የተያዘው። ሪስክ ትርፍ አይወልድም። ሪስክ የሚባለው ነገሩ የት የት ሊያርፍ እንደሚችል፣ የውጤቱ ስፋት ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን ወረቀት፣ የገዛ ሰው በጊዜው መጨረሻ ስንት እንደሚቀበል ገና ሲገዛ ያውቀዋል። ሽንኩርት የጫነ ሰው በእጥፍ ሊሸጥም፣ በግማሽ ሊያራግፍም ይችላል። ነጋዴ ይህን ሁሉ ጣጣ ተሸክሞ እንዲጭን ከሰነዱ የተሻለ ትርፍ ሊታየው ይገባል፤ አለዚያ ማንም አይጭንም። የአባባሉ እውነት እዚህ ላይ ያበቃል። ይገኛል ተብሎ የሚጠበቅ ትርፍ ደግሞ ከተገኘ ትርፍ ጋር አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት ሪስክ ሁሉ ዋጋ ይከፈልበታል ብሎ ማሰብ ነው። እርስዎ ያለዎትን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ፣ በሁለት ሰብል፣ በአንድ መንገድ ላይ ስላደረጉ ገዢው በኪሎ አንድ ሳንቲም አይጨምርልዎትም። ጎንዎ የቆመው፣ አምስት ዓይነት እህል የሚነግደው ሰው በዚያው ዋጋ ይሸጣል። ሊበተን የሚችል ሪስክን ሰብስቦ መሸከም ያለ ክፍያ መሸከም ነው፤ ገንዘብ የሚያስተዳድር ሰው በመጀመሪያው ዓመት ካልተማረው በሦስተኛው ዓመት ሥራ ላይ አይገኝም።

ምክሩን የሰጠውም ሰው በማን ገንዘብ እንደሚሠራ ይታይ። የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው በሚያስተዳድሩት፣ ሄጅ ፈንድ በሚባሉት ፈንዶች ለረጅም ጊዜ የተለመደው ክፍያ በዓመት ከሚያስተዳድሩት ገንዘብ 2 በመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር የያዘ አስተዳዳሪ 30 በመቶ ቢያተርፍ 8 ሚሊዮን ገደማ ወደ እሱ ይሄዳል። 30 በመቶ ቢከስር 2 ሚሊዮኑን ተቀብሎ 30 ሚሊዮኑን ኪሳራ ደንበኞቹ ይሸከማሉ። ብዙ ውል ላይ የቀድሞው ኪሳራ ሳይካካስ የትርፍ ድርሻ ስለማይታሰብ፣ ክፉኛ የከሰረ አስተዳዳሪ ፈንዱን ዘግቶ በሌላ ስም አዲስ የሚከፍትበት ጊዜ አለ። እንዲህ ላለ ሰው ትልቅ ሪስክ መውሰድ ያዋጣል። እርስዎ ግን አስተዳዳሪም ደንበኛም ራስዎ ነዎት፤ ዘግተው የሚከፍቱት ሁለተኛ ፈንድ የለዎትም። የአክስትዎንም ልጅ በዚሁ ዓይን ይመልከቱት፦ ከራሱ ስንት ያስገባል? ቢከስር የማን ቤት ይሸጣል? ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ የሱ ሒሳብና የእርስዎ ሒሳብ ይለያያል ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ኪሳራ ስሌት እንምጣ፤ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ አይከብድዎትም። 10 በመቶ የከሰረ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 11 በመቶ ማትረፍ ይበቃዋል። 20 የከሰረ 25 ያስፈልገዋል። 50 የከሰረ 100 በመቶ፣ 70 የከሰረ ደግሞ 233 በመቶ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር መውጫው እየራቀ ይሄዳል። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። አንድ ዓመት 50 በመቶ አትርፈው በሚቀጥለው 40 በመቶ ቢከስሩ በአማካይ በዓመት 5 በመቶ ያተረፉ ይመስላል። 480,000 ብሩን ይዘው ያስሉት፦ 720,000 ይሆንና ወደ 432,000 ይወርዳል። አማካዩ ትርፍ ያሳያል፣ ኪስዎ ግን 48,000 ብር ጎድሏል። በጣም የሚዋዥቅ ንግድ «አትራፊ» ተብሎ እየተወራ ባለቤቱ ከዓመት ዓመት የማያድገው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ብድሩ ሲጨመር ነገሩ መልኩን ይቀይራል። 480,000 የራስዎ፣ 500,000 የባንክ፣ በድምሩ 980,000 ብር ይዛችሁ ገባችሁ እንበል፤ ወለዱን ለምሳሌ ያህል 18 በመቶ አድርጌ ልያዘው። ንግዱ በዓመቱ 30 በመቶ ቢከስር 686,000 ይቀራል። ባንኩ 590,000 ይወስዳል። ለእርስዎ የሚተርፈው 96,000 ነው። የገበያው 30 በመቶ ኪሳራ እርስዎ ጋ ሲደርስ 80 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ ደመወዝ የለም።

በዓለም ላይ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባለውን ፈንድ የጣለው ይኸው ነው። ፈንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ ሲጀምር ከአጋሮቹ መካከል በኋላ በ1997 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሁለት ሊቃውንት ነበሩበት። በ1998 መግቢያ ላይ ለእያንዳንዱ የራሱ ዶላር ከ25 በላይ የተበደረ ዶላር ይዞ ነበር። በነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዋን መክፈል ስታቆም እርስ በርስ አይገናኙም የተባሉት ገበያዎች አብረው ተናጉ፤ ፈንዱ በጥቂት ወራት 4.6 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፤ በኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ አሰባሳቢነት 14 ባንኮች 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ተረከቡት። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ባንኮቹ የፈንዱን ይዞታ ቀስ ብለው ሸጠው ሲዘጉት ገንዘባቸውን ከነትርፉ አገኙ። የፈንዱ ሰዎች ግምት ውሎ አድሮ ትክክል ነበር። ብድሩ ግን ትክክል መሆናቸው እስኪታይ አልጠበቃቸውም።

ሽንኩርቱን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ እርስዎ በዕለቱ ዋጋ ይተኩባቸው። 100 ኩንታል በ3,000 ብር ገዙ፤ 300,000። ለጆንያ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመኪና፣ ለደላላ በኩንታል 250 ወጣ፤ 25,000። ማሳው ላይ እርጥብ ሆኖ የተመዘነ ሽንኩርት መንገድ ላይ ውኃ እየለቀቀ ይቀላል፤ አንገቱ በደንብ ሳይደርቅ የታሸገው ደግሞ ከመሐል ጀምሮ ይበሰብስና አጠገቡ ያለውን ያበላሻል። በክብደት መቅለልም በብልሽትም 8 ኩንታል ቢጠፋ የሚሸጡት 92 ነው። 325,000 ለ92 ሲካፈል 3,533 ብር ይመጣል። ዋጋው ከገዙበት ወደ 18 በመቶ ካልጨመረ ገና ኪሳራ ላይ ነዎት። መኪናው አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የመቂና የዝዋይ ሽንኩርት ቀድሞ ገብቶ ሊጠብቅዎት ይችላል፤ የመስኖ ሽንኩርት የሚደርሰው በየቦታው በተቀራራቢ ጊዜ ነውና። ሽንኩርት «ነገ ይሻላል» ብለው የሚያቆዩት ዕቃ አይደለም። ከጣርማ በር በታች መንገዱ ለአራት ቀን ከተዘጋ ጭነቱ አለቀ። በዱቤ የሰጡትም ሒሳብ ላይ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል እንጂ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ የሚቀጥለውን ጭነት አይገዛም።

ማሾ ይቆያል፤ ለዚህ ለጀማሪ ከሽንኩርት እመርጠዋለሁ። ነቀዝ ግን ከማሳ ይዞት የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ መጋዘን ውስጥ ሳይታይ ተራብቶ ፍሬውን ይበሳዋል። ስለዚህ በደንብ ያልደረቀና ያልተበጠረ ማሾ መከመር አይገባም። የሚበዛው ወደ ውጭ የሚላክ ስለሆነ ዋጋውን የሚወስነው የሸዋ ሮቢት ገበያ ብቻ አይደለም፤ የገዢው አገር ፍላጎትና የዶላር ምንዛሪም ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ የሚላክ እህል ከምሮ የተገኘ ሰው ብልሃት ሳያስፈልገው ሊያተርፍ ይችላል። የአክስትዎ ልጅ «እጥፍ» የሚለው የየትኛው ዓመት ትርፍ ነው? የገበያው ማዕበል ያነሳውን ከራስ ችሎታ መለየት ፈንድ አስተዳዳሪዎች ራሳቸው እንኳ አጥብቀው የሚሸሹት ፈተና ነው።

የሚቀጥለው ነጥብ ሰዎች ፈጽሞ የማያስሉት ነው፦ ደመወዝዎ ካፒታል ነው። በዓመት 192,000 ብር ያስገባልዎታል። የግምጃ ቤት ሰነድ 16 በመቶ ይከፍላል ብለን ብናስብ (በየጨረታው ይለያያል፤ ሲቀየር ስሌቱን ይድገሙት) 192,000 ብር ለማግኘት 1,200,000 ብር ማስቀመጥ ይኖርብዎ ነበር። ስለዚህ ሀብትዎ 480,000 ሳይሆን 1.7 ሚሊዮን ይጠጋል። ሥራ ለቅቀው ሲገቡ ንግዱ ላይ የሚያስገቡት ያቺን የባንክ ደብተር ብቻ አይደለም፤ ያላዩትን 1.2 ሚሊዮንም ጨምረው ነው። ከዚህ ተነስተው ንግዱ ስንት ማትረፍ እንዳለበት ማስላት ይቻላል። የቀረብዎ ደመወዝ 192,000፣ ገንዘብዎ ያለ ሐሳብ ተቀምጦ ያመጣ የነበረው 76,800፣ ድምሩ 268,800 ብር። ይህ የ480,000 ብር 56 በመቶ ነው። ከወጪ ሁሉ በኋላ፣ ለእርስዎ ድርሻ ብቻ፣ በየዓመቱ 56 በመቶ ካልደረሰ ከነበሩበት ወርደዋል። አንድ ጥሩ ዓመት ይደርስ ይሆናል። በተከታታይ ግን ከባድ ነው።

ይህን ስል ደመወዝ የማይነካ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ስትወጣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ወደ አሜሪካ ይልኩ ከነበሩት ፋብሪካዎች ሠራተኛ የቀነሱም፣ ጠቅልለው የወጡም አሉ። ፋብሪካዎ ገቢው ከየት እንደሆነ እርስዎ ሒሳብ ክፍል ሆነው ከማንም ቀድመው ያያሉ። ደመወዝ በሁለተኛው ሳምንት መከፈል ከጀመረ፣ አቅራቢዎች ክፍያ ዘገየብን እያሉ ከተመላለሱ ይህ ሁሉ ስሌት መከለስ አለበት።

እዚሁ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ስለ ማሰባጠር ከመጽሐፍ የተሻለ ያውቃል። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ኩልል ብሎ በሚያድርበት ሌሊት፣ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ጠዋት ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ አመዳይ ለብሶ ያድርና ፀሐይ ሲነካው ይጠቁራል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ያለው ማሳ ግን ውርጩ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። አምስት ማሳ ኖሮት አምስቱም ረባዳ ላይ የሆኑበት ሰው በውርጭ ቀን አንድ ማሳ ነው ያለው። ለዚህ ነው አቅም ያለው ሰው ደጋው ላይ ገብስ፣ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ማሽላ እንዲኖረው የሚሻው። የእርስዎን ማሳዎች እንቁጠር፦ ቁጠባዎ፣ የሥራ ገቢዎ፣ የእናትዎ ቤት፣ ከአክስትዎ ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና። በቀረበልዎ ዕቅድ አራቱም አንድ ረባዳ ውስጥ ገብተዋል። መንገድ በተዘጋ ወይም ዋጋ በወደቀ ቀን አራቱም አብረው ይመታሉ። ማሾና ሽንኩርት «ሁለት ዓይነት ንግድ ነው» ቢባሉም ነጋዴው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ መጋዘኑ አንድ ነው።

ጊዜም ራሱን የቻለ ሪስክ ነው። ጁሊያን ሮበርትሰን ታይገር የተባለውን ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ሲያስተዳድር በዘመኑ ስመ ጥር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ዋጋ ከልክ አልፏል ብሎ አልገዛም አለ። ዋጋው ግን መውጣቱን ቀጠለ፣ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ማውጣት ጀመሩ፣ በመጋቢት 2000 መዝጋቱን አስታወቀ። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የአሜሪካ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ፣ ናስዳክ፣ ጣሪያውን የነካው በዚያው ወር ነው፤ እስከ ጥቅምት 2002 ድረስ 78 በመቶ ወረደ። ትክክል ነበር፤ የሚያቆይ ገንዘብ ግን አልነበረውም። እርስዎ ገንዘቤን የሚያወጣ ደንበኛ የለኝም ሊሉ ይችላሉ። አለዎት። የእናት ሕመም፣ የእህት ሰርግ፣ የቤት ኪራይ ጭማሪ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ። እነዚህ ማሾው ዋጋ እስኪያወጣ አይጠብቁም። የመጠባበቂያ ገንዘብ የሚያስፈልገው ወለድ ስለሚያመጣ ሳይሆን በክፉ ቀን በክፉ ዋጋ ከመሸጥ ስለሚያድን ነው።

ባንክ ያለው ገንዘብ እየቀለጠ ነው ያሉት ልክ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥም ሪስክ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር አገኘ፤ የሚገዛው ግን የፊተኛውን ዓመት 82 ብር ዕቃ ነበር። ይሁን እንጂ ምርጫው ሰባት በመቶ ወይም ሸዋ ሮቢት ብቻ አይደለም። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለዱ ከባንኩ ጋር በድርድር የሚወሰን ነው፤ ሦስት ባንክ ጠይቀው ያወዳድሩ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚሸፍነው በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ስለሆነ 280,000 ብር የሚያስቀምጥ ሰው ለሦስት ከፍሎ ቢያስቀምጥ ሙሉው ይሸፈንለታል። የግምጃ ቤት ሰነድ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለው። ወለዱ የሚከፈለው በቅናሽ በመግዛት ነው፤ በ16 በመቶ ከሆነ ከዓመት በኋላ 100,000 ለመቀበል ዛሬ 86,000 ብር ገደማ ይከፍላሉ። በባንክዎ ወይም ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል ይጠይቁ።

አክሲዮንም አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም በመጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያ ነው። አክሲዮን ለአሥር ዓመት ለማይፈልጉት ገንዘብ ይሆናል። ገዢና ሻጭ ገና በሳሳበት ገበያ ላይ ግን ዋጋው ተጽፎ ታየ ማለት በዚያ ዋጋ የሚገዛዎ ሰው አለ ማለት አይደለም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለንግድ የሚያስፈልግዎን ገንዘብ እዚያ አያስገቡ። የሚሸጥልዎ ሰው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ ደግሞ ምንም አይፈርሙ። አንድም የኪሳራ ወር ሳይኖረው በየወሩ እኩል ትርፍ የሚያሳይ ሰው ከመጣ ይሽሹት። አሜሪካዊው አጭበርባሪ በርናርድ ማዶፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 እስኪያዝ ድረስ ለዓመታት ሰዎችን ያማለለው በትልቅ ትርፍ አልነበረም፤ በዓመት 10 በመቶ አካባቢ በሆነ፣ በማይናጋ ትርፍ ነበር።

እንግዲህ ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን። የወር ወጪዎ 13,000 ብር አካባቢ ነው ብዬ ልነሳ፤ የስድስት ወሩን፣ 80,000 ብር፣ በማንኛውም ቀን የሚወጣ ቁጠባ ላይ ይተዉት። 280,000ውን ለሦስት ከፍለው በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ያስቀምጡ፤ በየጥቂት ወሩ አንዱ ስለሚደርስ ወለድ ቢወርድም ቢወጣም መሐል ላይ ይሆናሉ። 120,000ው ለንግዱ። ለምን 120,000? ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የሚቀረዎት 360,000 ነው፤ 280,000ው በ16 በመቶ፣ 80,000ው በ7 በመቶ ቢቀመጥ በሁለት ዓመት 468,000 ገደማ ይሆናል። ከክፉው ሁሉ የከፋው ቢመጣ ሁለት ዓመት ገደማ ዘገዩ ማለት ነው፤ ደመወዝዎም አለ፣ እናትዎም ቤታቸው ውስጥ ናቸው። ማቆሚያውን ደግሞ አሁኑኑ፣ ልብዎ ሳይሞቅ በፊት ይጻፉት፦ 120,000ው ወደ 80,000 ሲወርድ ግዢ ይቆማል። የ40,000 ብሩን ኪሳራ የ280,000ው የዓመት ወለድ ይተካዋል። በአንድ ጭነት ላይ የእርስዎ ድርሻ ከ40,000 አይብለጥ፤ ከሦስት ጭነት በታች የሞከረ ሰው ንግዱን ሳይሆን ዕድሉን ነው የሚያውቀው።

ከአክስትዎ ልጅ ጋር በቃል አይስማሙ። የሽርክና ውል ጽፋችሁ አረጋግጡት፦ ትርፍ እንዴት ይካፈላል፣ ኪሳራ እንዴት፣ ዱቤ እስከ ስንት ቀን፣ ግዢ የሚወስነው ማን ነው፣ መውጣት የፈለገ በስንት ወር ማስጠንቀቂያ ይወጣል። የንግድ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ይዩ። ዘመድ ነው ብሎ ይህን መተው ዝምድናን ማክበር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ዘመዳሞች ፍርድ ቤት የሚገናኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ውል ባልጻፉበት ነገር ነው።

እርስዎ ለንግዱ የሚያመጡት ትልቁ ነገር ደግሞ ገንዘቡ አይደለም፤ የሒሳብ አያያዝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መዝገቡን እርስዎ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ጭነት የተገዛበት ዋጋ፣ ሲገዛና ሲሸጥ የተመዘነው ክብደት፣ መኪና፣ ደላላ፣ የተጣለው ብዛት፣ ገንዘቡ በስንት ቀን ተመልሶ እጅ እንደገባ ይጻፍ። የመጨረሻው አምድ ወሳኝ ነው፦ በጭነት 10 በመቶ የሚያተርፍ ንግድ ገንዘቡ በ20 ቀን ከተመለሰና በ90 ቀን ከተመለሰ ሁለት የተለያየ ንግድ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ የማሾ ወቅትና ሁለት የሽንኩርት ወቅት፣ 18 ወር ገደማ፣ እንዲህ ይዘው ሲያበቁ የእርስዎ ድርሻ ደካማዎቹ ወራት ተጨምረው በዓመት ከ56 በመቶ በላይ ከሆነ ሥራ ስለመልቀቅ ያን ጊዜ ማሰብ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ይቀንሱለት፦ 40,000 ብር ላይ የተገኘ ትርፍ 400,000 ላይ አይደገምም። 13 ኩንታል ከመንደር ለቅሞ በጥሩ ዋጋ መግዛት ይቻላል፤ 130 ኩንታል ሲፈልጉ ገበሬውም ደላላውም ያያችኋል፣ ዋጋውም ከእናንተ ጋር ይወጣል። ማጄላን ፈንድን እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1990 ያስተዳደረው ፒተር ሊንች በዓመት በአማካይ 29 በመቶ አትርፏል፤ ፈንዱ ከ18 ሚሊዮን ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ሲያብጥ ግን በትንሽነቱ ይገዛቸው የነበሩት ትናንሽ ኩባንያዎች ውጤቱን ፈቀቅ የሚያደርጉ መሆናቸው ቀረ።

ይህ ምክር ለሁሉም አይሠራም። የ22 ዓመት ልጅ፣ 30,000 ብር ያለው፣ የሚጦረው የሌለው ቢጠይቀኝ ሁሉንም አስገባ ልለው እችላለሁ፤ ቢያጣው የስድስት ወር ድካም ነው፣ ዋናው ሀብቱ ፊቱ ያለው የሥራ ዘመን ነው፣ እሱ አይነካም። ዕቁብ ውስጥ ያለ ሰውም ዕጣው ቀድሞ ከወጣለትና ያንን ንግድ ላይ ካዋለው የቀረውን መዋጮ ከደመወዝ እንጂ ከትርፍ እከፍላለሁ ብሎ አያስብ፤ ዋስ የሆኑለትን ሰዎች ያስከፍላል። እርስዎ ላይ ግን ሥሌቱ ግልጽ ነው።

በዚህ ሳምንት የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ይውረዱና የአክስትዎን ልጅ ያለፉትን አሥር ጭነቶች ደብተር ይጠይቁት፤ ምርጦቹን ሳይሆን በተከታታይ ያሉትን አሥር። ውስጡ ቢያንስ ሁለት ሦስት ኪሳራ ይፈልጉ፤ ካለ እውነተኛ ደብተር ነው። ደብተር የለኝም፣ ሁሉም በጭንቅላቴ ነው ካለዎት 120,000ውም አይግባ፤ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጥ፣ እርስዎም ስድስት ወር መዝገቡን በነፃ ይያዙለትና ከዚያ እንደገና ይነጋገሩ።